የጎረቤቴ ባል ደግነት

አናጺው ከመጋረጃው ወዲህ፣ አንድ እግሩ በሚወላገድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሐኪሟ የሚስቱን እንቁላል በአልትራሳውንድ ለክታ፣ «በግራ በኩል ያለው ሃያ ሚሊሜትር ደርሷል። እንቁላሉን የሚያስወጣው መርፌ አሁኑኑ ይወጋ፤ ዛሬና ነገ አብራችሁ እደሩ፣ እንዳያልፋችሁ» ብላ ወጥታለች። ከመጋረጃው ወዲያ የቀሩት ሚስቱና መርፌውን የምታዘጋጀው፣ በዕድሜ የገፋችው ነርስ ናቸው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ነገር ስትጀምርም እንደ ስፌቷ ከጠርዝ ነው።

«መጋረጃ ቀየራችሁ እንዴ ሲስተር? ያምራል። ትንሽ ሳሳ እንጂ... ድምፅ ያሳልፋል መሰለኝ። ደግሞ ማን ይሰማናል ብዬ ነው?

«ስለ እንቁላል ሲነሣ ትዝ ያለችኝ፣ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። የሷም እንቁላል በራሱ ጊዜ አልወጣ ብሎ ክትትል ላይ ናት። የወር አበባዋ በመጣ በሦስተኛው ቀን ክኒን ትጀምራለች፣ አምስት ቀን ትውጣለች፣ በአሥራ ሁለተኛው መጥታ ትለካለች። ላብ ያጠምቃታል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ እሷ ግን ስፌቷን... ማለቴ ሥራዋን ትሠራለች። ባሏ ደግሞ ወርቅ ነው። ወርቅ መሆኑ የሚታወቀው ሲፈልጉት ስለማይገኝ ነው።

«በመጀመሪያው ወር መርፌውን የተወጋች ቀን ምን አደረገ መሰለዎት? ባልደረባው ቤት ሲቀይር ቁም ሳጥን ሊያግዝ ሄደ። እዚያው አደረ። ቁም ሳጥኑ ብቻውን እንዳያድር አዝኖ ይሆናል... አንጀቱ አይችልም። በሁለተኛው ወር ደግሞ እናቱ በር አልዘጋ ብሏቸው ደወሉ። ሁለት ቀን ሙሉ በር ሲያስተካክል ሰነበተ። እናት እኮ ናት፤ ማን ይፈርድበታል? በሩ አሁን ጥርቅም ብሎ ይዘጋል አሉ። የራሱ ቤት በር ግን... ይተዉት።»

አናጺው ጉሮሮውን ጠረገ። ነርሷ መርፌውን በጣቷ ነካ ነካ ታደርጋለች።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። የሷ ሁለት ጊዜ በእግሩ ሄዷል፤ ከቀጠሮው ቦታ ደርሶ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ሰው ሲያጣ ጠፋ። እሷን የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሏታል። ያልቸኮለውስ ምን ለቀመ?

«ደግሞ ሙሉ ሰው ነው፣ ሲስተር። ተመርምሮ ምንም የለብህም ተብሏል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ነው የሚይዘው። እናቱ ‹መሬቱ ነው እምቢ ያለው› ሲሉ አይከራከርም፤ ጨዋ ነው፣ የእናቱን ቃል አይሰብርም። ምርጥ ዘር አለው... ጎተራ ውስጥ። ጎተራ ውስጥ የበቀለ ዘር አይተው ያውቃሉ እርስዎ?»

የአናጺው እጅ ሳያስበው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ወረቀቱ እዚያው ነበር። ለእናቱ ያሳየ ቀን «ያንተስ ደህና ነው» ሲሉት ደስ ብሎት እንደነበር ትዝ አለው። ያን ቀን ሚስቱ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እንዳጋጣሚ የሷም ቀን ዛሬ ነው። ሦስተኛዋ። ይሄ ካልሆነ ክኒኑን አቁመን ሌላ እናያለን ተብላለች። እሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እናቱ ጋ መደርደሪያ ሊሰቅል ቃል ገብቷል። ቃሉን አክባሪ ነው። መደርደሪያ ደግሞ... ጊዜው ካለፈ አይሰቀልም፣ አይደል?»

መርፌው ገባ። ሚስቱ ትንፋሿን ያዘች።

አናጺው ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣና ደወለ። «እማዬ፣ ዛሬ አልመጣም። ነገም አልመጣም።» ከወዲያ ረጅም ንግግር መጣ። «አይ፣ እሷ አይደለችም የከለከለችኝ። ጥፋቱም የሷ አልነበረም፤ የማልገኘው እኔ ነኝ» አለና ዘጋው። ግንባሩ በላብ ርሷል።

ተመልሶ ሲገባ መጋረጃው ተገልጦ ሚስቱ ጫማዋን ታደርጋለች። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ ግን አልተፈታም። እሱን ሳታይ የነርሷን እጅ ያዘች።

«እንግዲህ ሲስተር፣ ለጎረቤቴ ይጸልዩላት። ልጅ ይስጣት። ሴት ልጅ፣ ቆንጆ፣ ጤነኛ። አባቷ አቅፎ ያሳድጋት፣ እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳላት። ለወግ ለማዕረግ ትብቃለት። ያን ጊዜ ደግሞ እግዜር... ልክ እንደ አባቷ ያለ ባል ይስጣት።»