በጣቱ ቀዳዳ ያይ የነበረው ተማሪ

አቶ ሥዩም ከኩይሳ ጋር የተቀያየሙት በአንድ የየካቲት ማለዳ ነው።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከነገሌ ወጣ ብለው በግራሮቹ መካከል መንሸራሸር ልማዳቸው ነበር። ያን ዕለት ባልለመዱት መንገድ ሲሄዱ አንድ ቁመተ ረዥም ሰው ቀላ ያለ ነገር ተከናንቦ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው «እንደምን አደሩ!» አሉት። ዝም። ምናልባት አማርኛ አይሰማ ይሆናል ብለው «አካም ቡልተኒ?» ሲሉ በኦሮምኛ ደገሙ። አሁንም ዝም።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሰላምታ የሚነፍግ ሰው በቦረና ምድር?» ብለው ከዘራቸውን መሬት ሲመቱ፣ ከኋላቸው አንዲት ልጅ ሳቋን ስታፍን ሰሙ።

«ናጋያ፣ ሰላም ነው ጋሼ! እሱ እኮ ሰው አይደለም፤ ኩይሳ ነው። ምስጥ የሠራው ነው።»

«አውቄዋለሁ!» አሉ አቶ ሥዩም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው። «ለምስጥ ሰላምታ አይሰጥም ያለው ማነው? ይልቅ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«ሁዳ እባላለሁ፤ የአብዱባ ልጅ። ከሰዓት በኋላ እቤትዎ ልመጣ ነበር፤ ዕድሌ ሆኖ እዚሁ አገኘሁዎት። አባዬ ልኮኝ ነው።»

አብዱባን ያስታውሱታል። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት አምስተኛ ክፍል ያስተማሩት፣ ያባረሩትም ልጅ ነው። አሁን ግመል ይነግዳል፤ በመንገድ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ልጁን ለምን እንደላከ ሊገባቸው አልቻለም። ከግራር ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «እስቲ ንገሪኝ» አሏት።

ሁዳ ጉዳይዋን አስረዳች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ ለዕረፍት መጥታ ነው። የምትማረውን የትምህርት ክፍል መርጣ ቅጹን እስከ ነገ ማታ በስልክ መላክ አለባት። እሷ የፈለገችው ኦፕቶሜትሪ ነው፤ ዓይን መመርመርና መለካት፣ መነጽር ማዘዝ። አባቷ ደግሞ «ሐኪም ሁኚ እንጂ መነጽር ሻጭ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ተቆጣ። በመጨረሻ ግን «ጋሽ ሥዩምን ጠይቂ። እሳቸው ያሉትን እኔም እላለሁ» አላት።

አቶ ሥዩም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምክር የተጠየቀ መምህር ደስታው ከፊቱ ያስታውቃል።

«ልጄ፣ አባትሽ ልክ ነው። መነጽር እኮ ገበያ ላይ ሸራ ዘርግተው ይሸጡታል። እየለካሽ የተስማማሽን ትገዣለሽ፤ ዩኒቨርሲቲ ምን አገባው?»

«ጋሼ፣ ጫማስ ቢሆን እሺ። የሰው ዓይን ግን አንዱ ከሌላው ይለያል፤ የአንድ ሰው ግራና ቀኝ እንኳ ላይመሳሰል ይችላል። ሳይለካ የተገዛ መነጽር ራስ ምታት ነው ትርፉ። ደግሞም ሥራው መነጽር ብቻ አይደለም። መነጽር የማይረዳውን ሕመም ለይቶ፣ ሳይመሽበት ወደ ዓይን ሐኪም መላክም አለ።»

«ዓይን ሲያረጅ ይደክማል፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው። እኔን ተመልከቺ፤ ስድስት ዓመቴ ነው ሩቁ ከደበዘዘብኝ። ምን ጎደለብኝ?»

«ከኩይሳ ጋር ተጣሉ» አለች ሁዳ፣ ቀስ ብላ።

አቶ ሥዩም ሳይወዱ በግድ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ግን ድብዘዛውን ወደውታል። በየካቲት አቧራ ላይ የማለዳ ፀሐይ ሲያርፍ፣ የነገሌ ሜዳ ለሳቸው ያላለቀ ሕልም ነው። ግራሮቹ ግንድ የላቸውም፤ እንደ ደመና ተንሳፍፈው ያልፋሉ። የግመል መንጋ ሲመጣ መሬቱ ራሱ ተነሥቶ የሚሄድ ይመስላል። ለማንም የማይነግሩት ሌላም ነገር አለ። ሚስታቸው ደስታነሽ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ከሩቅ ብቅ ባለች ቁጥር፣ ደስታነሽ ከገበያ የምትመለስ ትመስላቸዋለች። ሴትየዋ ቀርባ ሌላ ሰው እስክትሆን ድረስ ያለችውን ያቺን ጥቂት ደቂቃ ለማንም አይሰጧትም ነበር።

«ልጄ፣ ሁሉን አጥርቶ ማየት ደስታ ይመስልሻል? አንዳንዱ ነገር ባይጠራ ይሻላል» አሏት፣ ድምፃቸው ለስልሶ።

«ለእርስዎ ይሆናል፤ ብዙ ዘመን አይተዋል። ገና ምንም ያላየ ልጅስ? እኔ በቁመቴ አጭር ስለነበርኩ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ነበር የምቀመጠው። ጎንደር ሄጄ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ስቀመጥ ሰሌዳው ባዶ ሆነብኝ። ትምህርቱ የከበደኝ መስሎኝ ልመለስ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ዓይኔን የለኩልኝ ያኔ ነው። መነጽሩን አድርጌ ስወጣ የዛፍ ቅጠል ለየብቻው እንደሚታይ ዐወቅሁ። ጋሼ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ከተልተሌ እስከ ዶሎ ኦዶ ሰሌዳው ባዶ የሆነበት ስንት ልጅ ይኖራል?»

አቶ ሥዩም ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ «ወሬ ነው!» አሉ። «ዓይን እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚበራ ከሆነ አሳዪኝ።»

ሁዳ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣችና የሽፋኑን ጠርዝ ቀደደች።

«ደብተር አይቀደድም!» ብለው ጮኹ መምህሩ።

«አንዴ ይቅር ይበሉኝ።» ከግራሩ እሾህ ነቅላ በቁራጩ ካርቶን መካከል ትንሽዬ ቀዳዳ በሳች። «አንዱን ዓይንዎን ይክደኑ፤ በሌላው በዚህች ይመልከቱ።»

አዩ። ግራሩ ግንድ አበቀለ። ከቅርንጫፎቹ የወፍ ጎጆዎች ተንጠልጥለዋል፤ የአንዱ ጭራሮ እንኳ ተቆጠረላቸው። ዞረው ልጅቷን አዩ፤ መነጽር አድርጋለች፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላስተዋሉም ነበር። ከዚያ በመንገዱ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት ስትመጣ ዓይናቸው ሳያስቡት ተከተላት። ቢጫ ጀሪካን ያዘለች የማያውቋት ወጣት ናት፤ ገና ከሩቁ። ካርቶኑን ከዓይናቸው አወረዱ። አዘኑ፤ በጣም አዘኑ።

ሁዳ የሐዘናቸውን ምክንያት አላወቀችም። «ቀዳዳው የተበታተነውን ብርሃን ስለሚከለክለው ነው» አለች። «በቀዳዳ የጠራ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ በመነጽርም ይጠራል። ካርቶን እንኳ ባይኖር እጅ ይበቃል። አባዬ ግመል ከሩቅ ሲፈልግ እንዲህ ያደርጋል፤ መነጽር ለነጋዴ ምን ያደርጋል ይለኛል እንጂ የሱም ዓይን እንደኔው ነው።» እጇን ጨብጣ፣ በጣቶቿ መካከል በቀረችው ጠባብ ቀዳዳ አሻግራ አየች።

አቶ ሥዩም የልጅቷን እጅ ትኩር ብለው አዩ።

ያቺን እጅ ያውቋታል። አብዱባ ረዥም ስለነበር መጨረሻ ወንበር ነበር የሚቀመጠው። እሳቸው ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲዞሩ እጁን ጨብጦ ዓይኑ ላይ ደግኖ ያገኙታል። እንደ ወታደር መነጽር እያነጣጠረ የሚያሾፍባቸው መሰላቸው። አንድ ቀን መቱት፣ ሁለተኛም መቱት፣ በሦስተኛው «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትመለስ!» ብለው አስወጡት። አባቱ ከብት ይዞ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነበር፤ ልጁም አልተመለሰም። ይህንን ታሪክ በመምህራን ክበብ ስንት ዓመት እያወሩ አስቀውበታል! አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ስሕተቱን ቀልድ አድርጎ ማኖሩ ክፉ በሽታ ነው።

«ተነሺ» አሏት። «አባትሽ ጋ ውሰጂኝ።»

አብዱባ በከብት ገበያው ዳር ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ግመሎቹን በእንጨት ደወላቸው ድምፅ ይለያል። መምህሩን ሲያይ ጎንበስ አለ። «ናጋያ፣ መምህር! ምን መከሯት?»

«ከምክሬ በፊት ልጠይቅህ። ያኔ ክፍል ውስጥ እጅህን ጨብጠህ ታየኝ ነበር። ለማሾፍ ነበር?»

አብዱባ ደነገጠ። «ያ ዋቃ፣ አምላኬ! በእርስዎ? የጻፉትን ፍለጋ ነው እንጂ። ሲጨበጥ ትንሽ ይታየኛል።»

«ታዲያ አልታየኝም ብለህ ለምን አልነገርከኝም?»

«የሰው ሁሉ ዓይን እንደዚሁ መስሎኝ። ሌሎቹ ጎበዝ ስለሆኑ ያነባሉ፣ እኔ ደደብ ስለሆንኩ አይገባኝም አልኩ።»

አቶ ሥዩም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለኩይሳ እንዳደረጉት አይደለም። «ዓይንህ ነበር የተቸገረው። ጭንቅላትህ ደህና ነበር። አላየሁህም፣ ልጄ፤ ይቅር በለኝ።»

አብዱባ ወደ ልጁ፣ ከዚያ ወደ መምህሩ ተመለከተ።

«ታዲያ… እኔ ደደብ አልነበርኩም ማለት ነው?»

«አልነበርክም!»

ግመል ነጋዴው በጋቢው ጠርዝ ፊቱን ጠረገ። «ሠላሳ አምስት ዓመት» አለ።

«እንግዲህ ምክሬ ይኸውልህ» አሉ አቶ ሥዩም። «ልጅህ የመረጠችውን ትማር። ሐኪም ትልቅ ነው፤ እሷም ከሐኪሙ ጎን ትቆማለች። ዓይን የሚለካ ሰው ባለበት አገር ልጅ በዓይኑ ድካም አይገረፍም፤ ልብስ ሰፊ መርፌውን፣ ሾፌር መንገዱን አይስትም፤ ሽማግሌ ለብቻው ወጥቶ በሰላም ይመለሳል። መምህርም ከመቆጣቱ በፊት ‘ይታይሃል ወይ?’ ብሎ መጠየቅ ይማራል። የመጀመሪያ ታካሚዋ እኔ ነኝ። እስክትመረቅ ግን አልጠብቅም፤ ሐዋሳ ሄደን እንለካ፤ አንተም አብረኸኝ ትሳፈራለህ።»

«ጎንደር ሩቅ ነው» አለ አብዱባ፤ ቃሉ ግን ጉልበት አልነበረውም። ወደ ሁዳ ዞረ። «ላኪው።»

ሁዳ ስልኳን አውጥታ ምርጫዋን ሞልታ ላከች።

አቶ ሥዩም ቀና ሲሉ የአብዱባ ፊት ደብዝዞ ታያቸው። እጃቸውን ጨበጡና በጣቶቻቸው ቀዳዳ አዩት። ግንባሩ ላይ አቧራ አለ፣ ጉንጩ ላይ እንባ፤ እየሳቀም ነው። አብዱባም እጁን ጨብጦ ዓይኑ ላይ ደገነ። ገበያተኛው ቆሞ ተመለከታቸው፤ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚሿሿፉ መሰለው።