አለምነህ ሊማሊሞን የወረደበት ሙዚቃ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ሐጂዎቻችን፣ የዕድር ዳኞች፣ እናቶቼ፣ የደባርቅና የዳባት ሾፌሮች፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታችሁ ከዛሪማ የመጣችሁ። የአለምነህ ባለቤት ናዝራዊት እህቴ፣ ልጆቹ፤ እግዜር ያጽናችሁ።

ሪያድ ነኝ። ከአለምነህ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ጋቢና ሠርቻለሁ፤ ተቀያሪ ሾፌሩ ነኝ። የዕድሩ ዳኛ አሳጥረው ብለውኛል። አሳጥራለሁ።

የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ሰማችሁ። መቼ እንደተወለደ፣ ስንት ልጅ እንዳፈራ፣ ኩላሊቱ እንዴት እንደጣለው። ሁሉም እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ቀርቷል።

ደክሞኛል፣ ወገኖቼ። ዘንድሮ እዚህ ግቢ ስንት ጊዜ ቆምን? መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። ለማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል። ግን አለምነህ ያ ሙዚቃው ሳይነሣለት አፈር ይልበስ? አይሆንም።

የትኛው ሙዚቃ አትሉኝም። ያላማረረበት ማን አለ?

እግሩ የተላላጠ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ከስሜን ተራሮች ወርዶ መንገድ ዳር ተቀምጦ። አለምነህ ጫነው። ፈረንጁ ሲወርድ አንድ ሲዲ ሰጠው። ሽፋን የለው፣ ስም የለው። በአገሩ በረሃ ውስጥ ጄኔሬተር አስነሥተው የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው አለው። አምስት ዘፈን። ሃምሳ ደቂቃ ገደማ። ሲዲው ሲቧጨር ወደ ፍላሽ አስገለበጠው።

መጀመሪያ ሲከፍተው ጆሮዬን ያዝኩ። አንድ ቤዝ ጊታር ብቻውን ያጉረመርማል፣ ያጉረመርማል። ድራም የለ፣ ዘፋኝ የለ። «ምንድን ነው ይሄ? ተበላሽቷል እንዴ?» አልኩት።

«ቆይ» አለኝ። «ገና ነው። አትቸኩል።»

ቆየሁ። ድራሙ መጣ። ዘግይቶ፣ ከብዶ። ከዚያ ጊታሩ ገባ፤ ጭነት የያዘ መኪና በአንደኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣው። ዘፋኙ እንኳ ብቅ ያለው እኔ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው፤ እሱም ከሩቅ፣ በአቧራ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ሁሉም ዝም ይላሉ። ነፋስ ብቻ ይሰማል። እኔ አለቀ ስል አለምነህ ጣቱን ያነሣል። «ገና ነው።» ደግሞ ይመለሳል፤ ያ ክብደት ሁሉ እንዳለ ይመለሳል።

አገኘሁ፣ እዚህ ቆመህ የለም ወይ? አገኘሁ መካኒኩ! ዛሪማ ላይ ከመኪናው ሥር ገብተህ፣ «ይሄ ሞተር ሊሞት ነው፣ ሲያቃስት አትሰሙም?» ያልከው ትዝ ይልሃል? «አጥፋው!» ብለህ ጮህክ። አለምነህ ሞተሩን አጠፋው። ማቃሰቱ አልቆመም። ዘይት በዘይት ሆነህ ስትወጣ የገበያው ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። «የመጀመሪያው ዘፈን ነው፣ ወንድሜ» ብቻ አለህ።

ሰው ለቀልድ የሚያደርገው ይመስለው ነበር። ቀልድ አልነበረም። ቁልቁለቱን የሚወርደው በዚያ ሙዚቃ ነበር። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ የመጀመሪያውን ይከፍታል። አምስተኛው የሚጀምረው የመጨረሻው ኩርባ ላይ መሆን አለበት። ቀድመህ ከደረስክ ቸኩለሃል ማለት ነው።

አንድ ቀን እኔ ነዳሁ። ኩርባው ላይ ስደርስ ገና ሦስተኛው ነው። «አቁም» አለኝ። ወረድን። ጎማው ይጨሳል፤ ፍሬኑ ግሎ ይሸታል። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና፣ «እንግዲህ ሙዚቃው እስኪደርስብን እንጠብቃለን» አለኝ። አራተኛውን እዚያው ቁጭ ብለን ጨረስነው። በዚያ መንገድ ስንት ጓደኛ አጣን? በእሱ መሪ ግን አንድ ሰው እንኳ አልተጎዳም።

አሁን የከበደኝን ልናገር።

አምና የእህቴ ልጅ የኢክላስ ሠርግ ነበር። ፍላሹን ከመኪናው ነቅዬ፣ ዳባት አንድ ሱቅ ውስጥ የሠርግ ዘፈን አስጫንኩበት። ባለሱቁ ጠየቀኝ። «ያለውን ላጥፋው?» አጥፋው አልኩ። ሌላ ቅጂ ያለው መስሎኝ ነበር። አልነበረውም። በማግስቱ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሲከፍተው እልልታ ወጣ። ዞሮ አየኝ። «የዛሪማ ሙቀት ይሆናል ያበላሸው» አልኩት። ፍላሹ ውስጥ የእህቴ ልጅ ሠርግ እየተዘፈነ፣ ሙቀት ነው አልኩት! አፈርኩ፤ ግን ከውሸቴ አልተመለስኩም።

እሱ ግን ከዚያ ወዲያ በአፉ ያንጎራጉረው ጀመር። ቤዙን በጉሮሮው፣ ጊታሩን በአፍንጫው፣ ድራሙን በጣቱ መሪው ላይ። አምስተኛው ያው የመጨረሻው ኩርባ ላይ ይጀምራል። ስንዝር አይዛነፍም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪሞቹ ወደ ቤቱ ይሂድ ሲሉ ከጎንደር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዳባት ያን ሱቅ ሳየው፣ አሁን ልንገረው አልኩ። አፌ እምቢ አለኝ። እሱ ነው የተናገረው። «ሪያድ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። የመጀመሪያውን አንተ በልልኝ።»

ጀመርኩ። ለካ አውቀዋለሁ። ስሰድበው የኖርኩትን ሙዚቃ ሙሉውን አውቀዋለሁ። ድራሙን ልመታ ስል እጄን ያዘኝ። «ቆይ። ገና ነው።» ጠበቅኩ። ከዚያ በአንገቱ፣ አሁን፣ አለኝ። መታሁ። ደባርቅ በሩ ላይ ስንደርስ አራተኛው አለቀ። ናዝራዊት በሩን ከፍታ ወጣች። አምስተኛው ሳይባል ቀረ።

አለምነህ፣ ሙቀቱ አልነበረም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በቁምህ ልነግርህ ሲገባ በሰው ፊት ነገርኩህ። ይቅር በለኝ።

ነገ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሲሚንቶ ጭኛለሁ። አፋፉ ላይ ከመጀመሪያው ዘፈን እነሣለሁ፤ በሁለተኛ ማርሽ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ የቀረችህን አምስተኛዋን እጀምርልሃለሁ። ድራሙንም እጠብቃለሁ፣ አልቸኩልም።

እስከዚያው እኛ ሾፌሮች አፋፉ ላይ ስንለያይ የምንባባለውን ልበልህ። ቀስ ብለህ ውረድ፣ ወንድሜ።