እግሬ ሞላ

ጠዋት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፤ የስፖርት መምህሩ ደመላሽ የሩጫ ጫማውን ለማሰር ይታገላል፣ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ኩላሊቷን የሰጠችው ታላቅ እህቱ ትርንጎ በሩ ላይ ቆማለች።

ትርንጎ፦ አልፈኸኝ አትሄድም አልኩህ! ይሄ ሁሉ ኪኒን ካልሲ ውስጥ ምን ይሠራል?

ደመላሽ፦ እትዬ፣ በጠዋቱ አትጀምሪኝ። ተማሪዎቼ ሜዳ ላይ እየጠበቁኝ ነው።

ትርንጎ፦ ይጠብቁ! የሦስት ሳምንት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ደመላሽ፦ ካወቅሽ ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ? አቁሜዋለሁ።

ትርንጎ፦ ወይ ጉዴ! ወርቅ ላበደረ ጠጠር አሉ። ጎኔን ተቀድጄ የሰጠሁህን! ሐኪሙ ምን አለህ? «ይሄን ካልዋጥክ ሰውነትህ ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ ይፈጀዋል» አላለህም?

ደመላሽ፦ ስፖርት ሥራም ብሎኛል። በየትኛው እግሬ? ኪኒኑ ጭኔን ጨረሰው እኮ! ጎረቤታችን እማማ ዘርፌ በሰባ ዓመታቸው ደረጃው ላይ ቀድመውኝ፣ «አይዞህ ልጄ» ብለው ዘንቢሌን ተቀበሉኝ። የስፖርት አስተማሪ ነኝ እኔ! አፈርኩ።

ትርንጎ፦ ለሐኪሙ አትነግረውም?

ደመላሽ፦ ነገርኩት። «ቀስ እያልክ ትበረታለህ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ አልኩ!

ትርንጎ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ደመላሽ፦ ተረትሽን ተዪና እግሬን እዪ! ካቆምኩ ወዲህ ስድስት ኪሎ ጨምሬያለሁ። ባቴ ሞላ። ይኸው፣ ጫማው ራሱ አልበቃኝ አለ።

ትርንጎ፦ ጫማው? ... ትናንት ስንቴ ሸናህ?

ደመላሽ፦ ኧረ ነውር ነው!

ትርንጎ፦ ስንቴ?

ደመላሽ፦ አንዴ መሰለኝ። ላብ ሆኖ ይወጣላ።

ትርንጎ፦ ሱሪህን ሰብስብ።

ደመላሽ፦ ያን የድሮውን ልታደርጊ ነው? የታመምኩ ጊዜ በየጠዋቱ የምታደርጊውን?

ትርንጎ፦ አዎ። ሥጋ ከሆነ ስጫነው ይመለሳል። ውሃ ከሆነ ጎድጉዶ ይቀራል። ረሳኸው?

ደመላሽ፦ አልረሳሁም። ጡንቻ ነው፤ ተጫኚው! ካልተመለሰ ራሴ ሆስፒታል እሄዳለሁ።

ትርንጎ፦ አንድ ነው የቀረኝ፣ ደመላሽ። ሌላ የምሰጥህ የለኝም።

ደመላሽ፦ ተጫኚ አልኩሽ። እኔ አላየውም፣ ዐይኔን ጨፍኛለሁ።

ትርንጎ፦ እሺ።

ደመላሽ፦ በቃ አሁን። ጣትሽን አንሺና እንየው።

ትርንጎ፦ ካነሳሁትማ ቆየሁ። ጉድጓዱ አልሞላም።