መምህር ኪዳነ ማርያም አንሙት እና ምስክር ያልቆመለት ፈተና

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ በዚህ ደብር ቅጥር የቆማችሁ ወገኖች፣ ዛሬ ወደ ማረፊያቸው የምንሸኛቸውን የመምህር ኪዳነ ማርያም አንሙትን ሕይወት ባጭሩ ስሙ። ጽሑፉን ያዘጋጀውም፣ በፊታችሁ የሚያነበውም ሁለተኛ ልጃቸው አንተነህ ነው። የእርሱም ነገር በውስጡ ስላለ፣ ስለ ራሱ ሲናገር እንደ ሌላ ሰው አድርጎ ይናገራል።

መምህር ኪዳነ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ አንሙት ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት ጌጡ፣ ከቁይ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ቀበሌ በጥር ወር 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው ወባ ይዟቸው ሞቱ። እናታቸውም ሦስት ልጆች ማብላት ስላልቻሉ ታላቁን ለየኔታ ሰጡ። በዚያም ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ወደ ቅኔ ቤት ገቡ፤ ቀን እየተማሩ ወደ ማታ ከደጅ ደጅ እየለመኑ አምስት ዓመት ኖሩ። ውሻ የነከሳቸው ጠባሳ በግራ ባታቸው ላይ ነበር። ልጆቻቸው ስለዚያ ዘመን ሲጠይቋቸው ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠባሳውን ያሳዩ ነበር። ከዚያ በላይ አልነገሩንም።

ከቅኔ ቤቱ ይዘውት የወጡት አንድ ነገር ግን ነበር። በየኔታ ዘንድ ተማሪ በአንድ ሰው ቃል ብቻ አይወድቅም ነበር፤ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይጠየቃል፣ ተሳሳትክ ቢባል ስለ መልሱ ይከራከራል፣ ጓደኞቹም ያወቁትን ይመሰክሩለታል። መምህር ኪዳነ ማርያም በልጅነታቸው ሆዳቸው ባዶ፣ ልብሳቸው ደበሎ ሆኖ ሳለ ሰው ሆነው የተቆጠሩባት ቦታ ያቺ ብቻ እንደ ነበረች አንድ ቀን ለባለቤታቸው ተናግረዋል።

በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ወደ ደብረ ማርቆስ መጥተው፣ በሰው ቤት ውኃ እየቀዱና እንጨት እየፈለጡ ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ፤ ሁለት ጊዜ ክፍል አጥፈው አሥራ ሁለተኛን ጨረሱ። ከዘመቻ መልስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1973 ዓ.ም. በታሪክ ትምህርት ተመረቁ። ስለ ጥንታዊት ሮማ ሕግ፣ መንግሥትና ጦር ማንበብ የጀመሩት እዚያ ነው። የሮማ ዜጋ ሹም ቢፈርድበት ወደ ሕዝብ ይግባኝ ማለት እንደሚችል ባነበቡ ቀን፣ ቅዱስ ጳውሎስ ይግባኝ ያለበትን ቦታም የኔታንም በአንድነት እንዳሰቡ ይናገሩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሮማን አልተዉአትም።

በመጀመሪያ የተመደቡት ደጀን ነበር። በዚያም በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሥራነሽ ሙላት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እስከዳርን፣ አንተነህንና ሃኒን ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ ቆዩ። በኋላም፣ ዛሬ የተዘጋ አንድ የግል ኮሌጅ ሕግ ማስተማር ሲጀምር፣ የጥንታዊት ሮማን የሕግ ታሪክ እንዲያስተምሩ ጠራቸው።

የእርሳቸውን ፈተና የማያውቅ የሕግ ሰው በዚህ ከተማ ጥቂት ነው። የሮማ መቶ አለቃ ስንት ወታደር ያዝዛል ብለው ይጠይቃሉ። ተማሪው መቶ ብሎ ይጽፋል፤ መልሱ ግን ሰማንያ ነው። እንዲህ ወድቆ የቀረና ኋላ ባጃጅ የገዛ አንድ ተማሪያቸው ባገኛቸው ቁጥር በመንገድ ላይ «መምህር! ዛሬስ መቶው ሞላ?» እያለ ይጮህ ነበር። እርሳቸውም ቆም ብለው «ሃያው ገና በመንገድ ላይ ናቸው፤ አንተ መሪህን ያዝ!» ይሉታል። ሰው ይስቃል፣ እርሳቸው አይስቁም፤ ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር።

ወረቀቱን አርመው ሲጨርሱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹን በግቢው ጥድ ሥር ይሰበስቡ ነበር። እያንዳንዱ በተራው ይቆማል፤ ሁለት ጓደኞቹ በግራና በቀኝ ምስክር ሆነው ይቆማሉ። የተሳሳተ የተባለበትን መልስ ይከራከርበታል፤ ምስክሮቹ ካመኑለት መጽሐፍ ይገለጣል፤ መጽሐፉ ከደገፈው ነጥቡ ይመለሳል። ይህን ማስመስከር ይሉት ነበር። በዘመናቸው ሁሉ ምስክር የከለከሉት ለአንድ ተማሪ ብቻ ነው።

እርሱም ልጃቸው አንተነህ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በዚያው ኮሌጅ ተማሪያቸው ሆኖ ነበርና፣ በመምህራን ማረፊያ ልጁ በአባቱ ትከሻ ያልፋል የሚል ሐሜት ተወራ። ወሬው ጆሯቸው ደረሰ። በሰኔ ወር የፈተናው ውጤት ሲታወቅ አንተነህ አርባ ስምንት አገኘ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነበር። ሁለት ነጥብ ያጣው፣ በሮማ ትሪቡን ይባሉ የነበሩት የተራው ሕዝብ ጠበቆች ስንት ናቸው ለሚለው ጥያቄ ሁለት ብሎ ስለ ጻፈ ነው። አባቱ የያዙት መልስ ዐሥር ነበር።

ዓርብ ደረሰ። አንተነህ ተራው ደርሶ ቆመ፤ ሁለት ጓደኞቹም ከጎኑ ሊቆሙ ተነሡ። መምህር ኪዳነ ማርያም ራሳቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ «ለዚህ ልጅ ምስክር አያስፈልገውም፤ ተቀመጡ» አሉ። ልጁ «አባዬ፣ ሁለት ያልኩት እኮ...» ብሎ ጀመረ። «እዚህ አባዬ የለም። ቀጣይ» አሉት።

አንተነህ በሌላም ትምህርት ወድቆ ስለ ነበር ከኮሌጁ ተሰናበተ። በዚያው ሳምንት አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ደጀን ወረደ። እዚያ በከባድ መኪና ላይ ጭነት ጫነ፤ በሸራ ሥር ተኛ፤ ክረምቱን ልብሱ ሳይደርቅ አሳለፈ። ኋላ ረዳት፣ ከዚያም ሹፌር ሆነ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መናገር አይፈልግም።

በቤት ውስጥ የሆነውን የነገሩን እናታችን ናቸው። መምህር ኪዳነ ማርያም ለተማሪዎቻቸው የሚያስተምሩት አንድ ታሪክ ነበር፤ የሮማ የጦር አዛዥ የገዛ ልጁ ያለ ትእዛዝ ከሰልፍ ወጥቶ ቢዋጋና ቢያሸንፍ፣ ሕግ ነው ብሎ በሞት ቀጣው። ወይዘሮ ሥራነሽ በራት ሰዓት የልጃቸው ቦታ ባዶ መሆኑን አይተው «አንቱ፣ ያ የሮማ አባት ልጁን ሲቀጣ እናቱ የት ነበረች?» ብለው ጠየቋቸው። እርሳቸውም «መጽሐፉ አይልም» አሉ። እናታችንም «እንግዲያ መጽሐፉ ጎደሎ ነው» ብለው ተነሡ። ራቱ ሳይበላ ቀረ።

በነሐሴ ወር ለሚመጣው ዓመት ትምህርት ሲዘጋጁ መጻሕፍቱን እንደገና አነበቡ። የሕዝብ ጠበቆቹ መጀመሪያ ሲመረጡ ሁለት ነበሩ፤ አርባ ዓመት ሳይሞላ ነው ዐሥር የሆኑት። ጥያቄያቸው ዘመኑን አልጠቀሰም ነበር። ይህን የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ልጁ እንዲናገር ቢፈቅዱለት ኖሮ በአንድ አፍታ በታወሳቸው ነበር። በማግስቱ ነጥቡን ለማስተካከል ወደ ኮሌጁ ሄዱ። መዝገቡ ተዘግቷል ተባሉ። በጽሑፍ አመለከቱ፤ ተዘግቷል ተባሉ። ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ ከጎረቤት መዶሻ ተውሰው፣ የግቢያቸውን በር መቀርቀሪያ ነቅለው ጣሉት።

ምክንያቱን ለቤተሰቡ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። የሮማ ሕዝብ ጠበቃ፣ የተበደለ ሰው በፈለገው ሰዓት እንዲገባ፣ የቤቱን በር ቀንም ሌሊትም አይዘጋም ነበር። መምህር ኪዳነ ማርያምም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልዘጉም። ለፋሲካ የተገዛ በግ ተሰረቀ። ጎረቤታቸው አቶ ደምለው «ኧረ መምህር፣ ሌባ እኮ የሮማን ሕግ አልተማረም!» ቢሏቸው፣ «በጉን ይውሰደው፤ በሩ ለሌላ ነው የተከፈተው» አሉ።

ልጃቸውን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ደጀን ሄዱ። በሁለተኛው ጊዜ አንተነህ ከጭነት ላይ ሆኖ አያቸው፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሹፌሮቹን አንድ በአንድ ይጠይቁ ነበር። አልወረደም። እንዳያቸው ለማንም አልተናገረም፤ ዛሬ መናገሩ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጠበቃ የኋላሸት የምትባል የቀድሞ ተማሪያቸው ደጀን ላይ አግኝታው አንተነህን አወቀችው። «አንተ የመምህር ልጅ አይደለህ? አንተን ሳንፈተን ያለፍን እኮ የለንም!» አለችው። አባቱ ከዚያ ዓመት ወዲህ የፈተናውን አንደኛ ጥያቄ ቀይረው እንደማያውቁ ነገረችው፤ የሕዝብ ጠበቆቹ ስንት ነበሩ የሚለው ነው። ሁለት ብቻ ያለ ይወድቃል፣ ዐሥር ብቻ ያለም ይወድቃል፤ ሁለቱንም ከነዘመናቸው የጻፈ ያልፋል። ጥያቄውን አንብበው ሲጨርሱም ሁልጊዜ «ይህን አንድ ተማሪ አስተምሮኛል» ይሉ ነበር። አንተነህ ሰምቶ አመሰገናትና ወደ መኪናው ወጣ። የዚያን ዕለትም መኪናውን ወደ ደብረ ማርቆስ አላዞረም።

መምህር ኪዳነ ማርያም በደም ግፊት ለዓመታት ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ጥቅምት ወር አጋማሽ በድንገት ወደቁ፤ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። በሆስፒታል የሚቻለው ሁሉ ተደርጎላቸው ወደ ቤት ተመለሱ። እስከዳር ለወንድሟ ደውላ «አባዬ በሩን እያየ ነው፤ ሌላ የምልህ የለኝም» አለችው። መንገዱ ተዘግቶ ዘጠኝ ቀን ጠበቀ፤ ሲከፈት መጣ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በሩን ሊገፋ እጁን ዘረጋ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

መምህር ኪዳነ ማርያም ልጃቸውን ባዩት ጊዜ ግራ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው ሁለት ጣት አነሡ። ሃኒ ሁለት ትራስ ፈልገው ነው ብላ ልታመጣ ተነሣች። የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሁለት ጊዜ ጸበል ይሻሉ መሰላቸው። ሁሉም የመሰለውን ይዞ ቀረበ። እርሳቸው ግን ጣቶቻቸውን አላወረዱም፤ ዓይናቸውንም ከልጃቸው ላይ አላነሡም። አንተነህ ገባው። ሁለት ነው፤ ልክ ነህ ማለታቸው ነበር።

አንተነህ ጉልበታቸውን ስሞ በአጠገባቸው ተቀመጠ። መልስ ግን አልሰጠም። አሥራ አራት ዓመት የያዘው ቃል በአንድ ጊዜ የሚወጣ አልሆነለትም፤ ነገ እነግራቸዋለሁ ብሎ አሰበ። መምህር ኪዳነ ማርያም ትናንት ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ስለዚህ ልጃቸው በዚያ ዓርብ ቆሞ ሊናገር ያልቻለውን፣ በአልጋቸው አጠገብም ሳይናገር የቀረውን፣ ዛሬ በእናንተ ፊት ይናገራል። የሕዝብ ጠበቆቹ መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፤ ኋላ ግን ዐሥር ሆኑ። የአባቴም መልስ ልክ ነበር። ከእናንተ መካከል በዚያ ጥድ ሥር የቆማችሁ ብዙዎች አላችሁ፤ ደንቡን ታውቁታላችሁና ምስክር ሁኑላቸው።

መምህር ኪዳነ ማርያም ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሥራነሽ ሙላትን፣ እስከዳርን፣ አንተነህንና ሃኒን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ በቁይ ያሉ ሁለት እኅቶቻቸውን፣ እንዲሁም በፍርድ ቤትና በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ቁጥራቸው የማይታወቅ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ለጥየቃ የምትመጡ ሁሉ በሩን አታንኳኩ፤ መቀርቀሪያ የለውም፣ አይገባለትምም።

ይግባኝ ሁሉ የሚያበቃበት እውነተኛው ዳኛ ነፍሳቸውን በምሕረት ይቀበልልን፤ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ የገነትንም በር ክፍት አድርጎ ይጠብቃቸው። አሜን።