ቅሬው ለወላድ ሲጠራ

አባ ጀይሉ ያን ዕለት ጧት ከሚሴ የወረዱት ለልጃቸው ለኢልሃም ማር ሊገዙ ነበር። ኢልሃም የመጀመሪያዋን አርግዛ ወሯ ገብቷል፤ በእሷ ነገር ደግሞ የአባቷ አንጀት አይችልም። ወደ ጨፋ ሮቢት በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ጎናቸው የተቀመጠችው ሳቢራ ሆና ተገኘች፤ የጎረቤታቸው የሙሐመድዘይን ልጅ፣ ተምራ አዋላጅ ነርስ የሆነችው።

«አካም ጅርቱ አባ ጀይሉ? ኢልሃም ደኅና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናት ልጄ።»

«ምጧ ሲመጣ በምን ልታወርዷት አስባችኋል? አምቡላንሱ እንደሆነ ወንዙን ተሻግሮ መንደር አይደርስም።»

«በቅሎ አለችኝ።»

«ምጥ የያዛት ሴት ያን ቁልቁለት በበቅሎ?» አለች ሳቢራ በትሕትና። «ቅሬው ተሸክሞ ያውርዳት።»

ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩዋት። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ቅሬ ማለት በወሎ ሙስሊሙ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ጠሪው ከኮረብታው ላይ ይጮሃል፤ አራሹ በሬውን ከነቀንበሩ ትቶ ይመጣል። የመንደሩ ቅሬ ዳኛ እኒሁ አባ ጀይሉ ናቸው፤ በእርሳቸው ጊዜ ጀናዛ ደጅ አላደረም፤ ይህንንም ሳያነሱ ከሰው አይለያዩም።

«አስተግፊሩላህ! በደኅና ልጄ ደጅ ቃሬዛ አቁሜ ሟርት ልጥራባት?»

«የጀናዛው ቃሬዛ ይቅር፤ ሌላ ይሠራላት። እኔ የፈለግሁት ትከሻችሁን ነው።»

«ምጥ የሴት ጉዳይ ነው። ወንድ ተሰብስቦ ቢያያት ነውር ነው።»

«በጋቢ ትሸፈናለች። ሴቶቹም ከጎኗ ይሄዳሉ።»

«ጠሪው ሲጮህ ሰው ማን ሞተ ብሎ ልቡ ይወድቃል።»

«ይደንግጥ፤ ሲደርስ ደስ ይለዋል።»

አባ ጀይሉ ፈገግታቸውን በጢማቸው ደበቁ። ሳቢራ ግን አልሳቀችም።

«አባ ጀይሉ፣ አይቀየሙኝና፣ ባለፈው ክረምት ሀዲጃን ማን ተሸከማት?»

«እኛ ነና። አንድ ወንድ አልቀረም።»

«አልቀረም፤ አይቼ ኮርቼባችኋለሁ። ስታምጥ በሰነበተችበት ጊዜም ያ ሁሉ ወንድ እዚያው መንደር ነበር። ቢጠራ ይመጣ ነበር። የመጥራት ሥልጣን ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እርስዎ ደግሞ የሚጠሩት ስትሞት ነው።»

ሀዲጃን ሽማግሌው ራሳቸው ነበሩ ከፊት የያዟት፤ መቅለሏ አሁን ትዝ አላቸው። ጨፋ ሮቢት ሲወርዱም «ልክ ነሽ» አሏት፤ የተማሩ ሽማግሌዎች እንኳ የማይደፍሯት ቃል ናት።

ጁምዓ ከስግደት በኋላ ነገሩን ለቅሬው አቀረቡ። አደም የተባለው ጎልማሳ «ከአባቶቻችን ያልሰማነውን?» ብሎ ሲከራከር፣ «አባቶቻችን ማዶ የሚቆም አምቡላንስ አልነበራቸውም» አሉት። «ቢኖራቸው ከእኛ ቀድመው ይሮጡ ነበር። ሀዲጃን ለመቅበር ያልሰነፍን ሰዎች ለማዳን ለምን እንሰንፋለን?» አዲስ ቃሬዛም ተሠራ፤ ተጠርቶ የቀረ ከቀብር እንደቀረ ሊቆጠር ተስማሙ።

የኢልሃም ምጥ የመጣው በገበያ ቀን ነው። ጠሪው ጮኸ። እየተፈራረቁ ቁልቁለቱን አወረዷት፤ አባቷ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እያሉ ከራስጌዋ አልተለዩም። ገበያተኛው ቃሬዛ ሲያይ እንደ ወጉ ጭነቱን አስቀምጦ ሊሸከም ተጠጋ።

«ማን ሞተ?» አለ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የሞተ የለም። ልጄ ልትወልድ ነው» አሉ አባ ጀይሉ።

ሰውዬው ግራ ተጋባ። ከዚያ «ማሻአላህ» ብሎ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አስገባ፤ አምቡላንሱ ዘንድ እስኪደርሱም አለቀቀም።

ኢልሃም ከሚሴ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ደም ክፉኛ ፈስሷት ነበር፤ በጊዜ በመድረሷ ቆመላት። ይህን የሰሙ የጎረቤት ቅሬዎችም ዛሬ ለወላድ ይጠራሉ። ምን አዲስ ነገር አወጡ? ያው ሰው፣ ያው ትከሻ፣ ያው ጥሪ ነው፤ ነፍስ ሳትወጣ መጠራቱ ብቻ እናትን ለልጇ አተረፈ።

ያን ዕለት አንዲት ነርስ ወደ ግቢው ወጥታ «የኢልሃም ጀይሉ ቤተሰብ የታል?» ስትል፣ አምቡላንሱን ተከትሎ መጥቶ በጭቃ እግሩ ሣሩ ላይ የተቀመጠው ቅሬ በሙሉ ብድግ አለ።