በቀይ ቀለም ቁጥር ስለተጻፈባቸው አምስት ዲስኬቶች የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ አቶ ሙነወር ኑሪ
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ የራዲዮና የቴፕ ጥገና
አድራሻ፦ ከፍተኛ 17፣ ቦሌ ሚካኤል፣ የቤት ቁጥር 612
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ ኅዳር 21 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
የተጠርጣሪ ስም፦ አቶ ስብሓት ገብረኣብ
ጉዳዩ፦ በመንግሥት ንብረት ላይ ተፈጽሟል የተባለ አሻጥር

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪው አቶ ስብሓት ዘመዴም ወዳጄም አይደለም። የማውቀው ሁለት ጊዜ ቴፑን አምጥቶ ስለጠገንኩለት ነው። የመጣሁት አንድ ሰው በማያውቁት ነገር አዋቂ ነን በሚሉ ሰዎች የተነሣ መታሰሩን አይቼ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

ሐሙስ ኅዳር 16 ቀን 1980 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ከሚገኘው የማሸጊያ ዕቃዎች አከፋፋይ ድርጅት መልእክተኛ መጥቶ፣ ለሳምንቱ የውይይት ክበብ የሚያገለግለው ድምፅ ማጉያ ስለተበላሸ በአስቸኳይ እንድመጣ ነገረኝ። ስደርስ ሦስት የመምሪያ ኃላፊዎች ድምፅ ማጉያውን ከበው ቆመዋል። ሶኬቱ አልተሰካም ነበር። ሰካሁት፣ ሠራ። ሦስቱም አጨበጨቡ። ይህንን የምናገረው መርማሪው የድርጅቱን የቴክኒክ ደረጃ ከወዲሁ እንዲያውቁት ነው።

ስወጣ በጸሐፊዋ በወይዘሪት ሉሊት ክፍል ውስጥ በአልጋ ልብስ የተሸፈነ ዕቃ አየሁ። ወይዘሪት ሉሊት የሰፈሬ ልጅ ስለሆነች ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ኮምፒዩተሩ ነው ጋሽ ሙነወር። ሰው ያሳሰረው» አለችኝ። በነገረችኝ መሠረት ዕቃው የተገዛው በመስከረም ወር ሲሆን፣ ሲመጣ ውስጡ ባዶ ነው። ሥራ እንዲሠራ መጀመሪያ ዶስ የሚባለው ማስነሻ ከዲስኬት ላይ ተነቦ ወደ ሆዱ መግባት አለበት። ለዚህ ሥራ የተመደበው የሦስት ወር ሥልጠና የወሰደው አቶ ስብሓት ነበር። ዲስኬቱን ሲያስገባ መብራቱ ይበራል፣ ማሽኑ ይንጫጫል፣ ከዚያ ማንበብ አልቻልኩም ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ወር ሙሉ ሞክሮ ስላልተሳካለት፣ ኅዳር 3 ቀን ሆን ብሎ አበላሽቶታል ተብሎ ከቢሮው ተወሰደ።

ዲስኬቶቹን እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። ጥቁር አራት ማዕዘን ናቸው፤ በአንድ በኩል ባለው ክፍት ቦታ የካሴት ክር የመሰለ ቡናማ ነገር ይታያል። በአምስቱም ላይ፣ እዚያው ክፍት ቦታ ላይ፣ በቀይ የዘይት ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎባቸዋል። በሥራ ዘመኔ የተበጠሰ ካሴት፣ ፀሐይ ያቀለጠው ካሴት፣ ሕፃን ያኘከው ካሴት አይቻለሁ። ቀለም የተቀባ ግን አላየሁም። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ወይዘሪት ሉሊት አልሳቀችም።

ቁጥሩን የጻፉት የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ገረመው ናቸው። እሳቸው ወንበሩን፣ የግድግዳ ሰዓቱን፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ሳይቀር በዚያው ቀለም ቁጥር ጽፈውበታል። ሳቄን ሰምተው መጥተው ነበርና፣ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደጻፉ ጠየቅኳቸው። «ሌላው ቦታ የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት፤ ባዶ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ቁጥር የሌለው ንብረት ደግሞ ከመጋዘን አይወጣም» አሉኝ። ይህንን ሲናገሩ ትንሽ እንኳ አላፈሩም። እንዲያውም የእጅ ጽሑፋቸውን እንዳደንቅላቸው የጠበቁ ይመስለኛል።

አቶ ስብሓት ቀለሙ ዲስኬቶቹን እንዳበላሸ ገና በጥቅምት ወር በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። ከዚያም ከጓደኛው መሥሪያ ቤት ምንም ያልተቀባ ዲስኬት ተውሶ ሞከረ። እሱም አልተነበበም። በዚህ ጊዜ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቀለም የሌለበትም ካልሠራ ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የሰውዬው ነው ብለው አፋቸውን ሞልተው ደመደሙ። አቶ ስብሓት በምሳ ሰዓት መፍቻ ይዞ የማሽኑን ክዳን ሲከፍት ታይቷል የሚልም ተጨመረበት። የከፈተው ችግሩን ሊፈልግ ነው። አንድ ጥገና የሚያውቅ ሰው ቢጠይቁ ይነግራቸው ነበር፤ እነሱ ግን መጠየቅ ከሥልጣን የሚያወርድ ይመስላቸዋል።

እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም። የማውቀው ቴፕ ነው። ክሩ ላይ ቆሻሻ ካለ፣ ቆሻሻው ሄድ የሚባለው ማንበቢያ ላይ ይለጠፋል፤ ሄዱ ከቆሸሸ በኋላ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ካሴት ቢገባለትም አይዘፍንም። ይህንን ከሱቄ ደጅ የሚጫወቱ ልጆች ያውቁታል። ሥራ አስኪያጁ «ከዚህ በላይ አይበላሽም፣ ክፈተው» ብለው ስለፈቀዱልኝ ክዳኑን ፈታሁ። በማንበቢያው ሄድ ላይ ቀዩ ቀለም እንደ ጥፍር ቀለም ደርቆበት አገኘሁት። ዲስኬቱ የገባው ቀለሙ ሳይደርቅ ነው ማለት ነው። ቀለም የሚያቀጥኑበትን አኳራጅ በጥጥ ነክሬ ቀስ ብዬ ጠረግኩት፣ ከዚያ በአልኮል ደገምኩት። ጥጡ ቀላ። ይኸው ጥጥ በወረቀት ተጠቅልሎ ለመርማሪው ተሰጥቷል።

አቶ ስብሓት የአሠራሩን ተራ አንድ በአንድ በእጁ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ትቶት ነበር። ወይዘሪት ሉሊት ያንን እያየች የተዋሰውን ዲስኬት አስገባች። ማሽኑ በሁለተኛው ሙከራ አነበበ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ዶሱ ወደ ሆዱ ገብቶ፣ ያለ ዲስኬት በራሱ ተነሣ። ሰውዬው ከጻፈው ውስጥ አንድም ስሕተት አልተገኘም።

ሥራ አስኪያጁ መጥተው አዩ፣ ደስ አላቸው፣ ለስላሳ አዘዙ። እንግዲያው ሰውዬውን ያስፈቱት ስላቸው፣ «የከሰስንበት ደብዳቤ እኮ ወጪ ሆኗል» አሉኝ። ሌላ ደብዳቤ ይጻፉ አልኳቸው። «ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ ብለን ከጻፍን ማን ያምነናል?» አሉ። ለስላሳቸውን አልጠጣሁም። ያስቡበት ይሆናል ብዬ እስከ ትናንት ሰኞ ጠበቅኩ። ማሽኑ ይሠራል፤ አይሠራም ተብሎ የታሰረው ሰው አልተፈታም።

ይህንን ቃል በመስጠት ላይ ሳለሁ መርማሪው ተጠርጣሪው ኅዳር 12 ቀን ጥፋቱን አምኖ መፈረሙን ገልጸው የእምነት ቃሉን አነበቡልኝ። ከዲስኬት ማንበቢያው የሚወጣውን ሽቦ ሆን ብዬ በጉጠት ቆርጫለሁ ይላል። እኔ ክዳኑን የከፈትኩት ከዚያ አራት ቀን በኋላ ነው። ያንን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ እየነካሁ አይቼዋለሁ። አልተቆረጠም፣ አልተቀጠለም፣ ልባሱ እንኳ አልተላጠም። ተቆርጦ ቢሆን ማሽኑ አይሠራም ነበር። ሄዶ ማየት ይቻላል። ሰው ያልቆረጠውን ሽቦ ቆረጥኩ ብሎ የሚፈርመው ምን ሲደረግ እንደሆነ እኔ ቴፕ ጠጋኝ ስለሆንኩ አላውቅም፤ ያስፈረሙት ያውቃሉ።

መርማሪው ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲቀር ጠይቀውኛል። ከቀረ አልፈርምም ብያለሁ። እሳቸውም ጽፈውታል።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። በዓይኔ ካየሁት፣ በጆሮዬ ከሰማሁትና በእጄ ከነካሁት ውጭ አልጨመርኩም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እኔ እጠየቅበታለሁ፤ እውነት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የሚጠየቅበት ሰው ይጠየቅበት።

የምስክር ፊርማ፦ ሙነወር ኑሪ (ፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሃምሳ አለቃ ማሞ ገሰሰ (ፈርሟል)