ከእሳት ያወጣኋቸው አርባ አንድ ፎቶዎች

የምስክር ቃል

ስም፦ ገብረእዝጊ መኩሪያ
ዕድሜ፦ 73
አድራሻ፦ ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ
ሥራ፦ ጥበቃ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ቦሌ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባል ለሚደበድባቸው ሴቶች የሕግ ምክር በሚሰጥ ቢሮ ዘጠኝ ዓመት በጥበቃ ሠርቻለሁ። አንድም ቀን ተወቅሼ አላውቅም። ይህም ይጻፍልኝ።

ታኅሣሥ 19 ቀን ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የቢሮው ኃላፊ ወይዘሪት ናኦሚ ጠርታኝ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጡ የባለጉዳይ ፋይሎች፣ ስድስት ካርቶን፣ አስረከበችኝ። «አባባ፣ የሰው ምስጢር ነው፤ አንድ ወረቀት እንዳይተርፍ። ዐመድ እስኪሆን ከበርሜሉ አይራቁ» አለችኝ። ጓሮ ባለው በርሜል እስከ 9 ሰዓት ድረስ አቃጠልኩ። አላነበብኩም። ፊደል እለያለሁ፣ ስሜንም እጽፋለሁ፤ የሰው ጉዳይ ግን አላነብም።

በየፋይሉ ላይ ጉርድ ፎቶ በስቴፕለር ተመትቶ ነበር። እኔ የሰው መልክ እሳት ውስጥ አልጥልም። ባለቤቴ ወይዘሮ ሙሉ ስታርፍ ለድንኳኑ የሚሆን አንድ ፎቶ አጥቼላታለሁ። ስለዚህ አርባ አንዱን ነቅዬ በኪሴ ያዝኩ። ያዘዘችኝ ወረቀቱን ብቻ ነው ብዬ ስላሰብኩ ለኃላፊዋ አልነገርኩም።

በማግሥቱ እሁድ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው የወይዘሮ ሀጀር ሱቅ መስታወት ላይ፣ የወደቀ መታወቂያ በሚለጠፍበት ቦታ፣ ባለቤቶቻቸው አይተው እንዲወስዱ ደርድሬ ለጠፍኩ። ወይዘሮ ሀጀር «አባባ፣ ሱቄን ፎቶ ቤት አደረጉት እኮ» ብላ ሳቀች።

ጥር 2 ቀን ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ሱቁ ደጃፍ ፎቶዎቹ አጠገብ ቆሜ ሳለ ተጠርጣሪው መጣ። ከዚያ በፊት አላውቀውም፤ አብኔዘር መባሉን የሰማሁት እዚህ ጣቢያ ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና ወደ አንዱ ፎቶ እያሳየ «ፋዘር፣ ይቺ ሚስቴ ናት። ከየት አገኟት?» አለኝ። እኔም ከምጠብቀው ቢሮ መሆኑን፣ ቢሮው የት እንደሆነ ነገርኩት። መቼ እንደምትመጣ ሲጠይቀኝ፣ በሩን የምከፍትላት እኔ ስለሆንኩ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት መሆኑን ነገርኩት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ስፈልጋት ስድስት ወር ሆነኝ» ብሎ ፎቶዋን ይዞ ሄደ። ባልና ሚስት ያስታረቅኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ጥር 6 ቀን ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ሟች ብሩክታይት ከቡልቡላ ታክሲ ወርዳ ወደ በሩ መጣች። ከፈትኩላት። እንደ ሁልጊዜው «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» አለችኝ። ተጠርጣሪው ከመንገዱ ማዶ ከቆመ መኪና ጀርባ ወጥቶ ጀርባዋን ሁለት ጊዜ በቢላ ወጋት። በዱላዬ እጁን መትቼ ቢላውን አስጣልኩት፤ ሰው ደርሶ ያዘው። ሆስፒታል ሳትደርስ ማረፏን ወይዘሪት ናኦሚ ነገረችኝ። ሟች ከዚያ ሰላምታዋ ሌላ ቃል አልተናገረችኝም።

ቃሌን የሚቀበለው ሳጅን የታዘዝኩትን ሁሉ ለምን እንዳላቃጠልኩ ጠይቆኛል። ምክንያቴን ከላይ ተናግሬአለሁ። የታዘዝኩትን ፈጽሜ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር። ይህን ማንም አላስባለኝም፤ በቃሌ ልክ ይጻፍ።

የቀሩትን አርባ ፎቶዎች ትናንት ከመስታወቱ ነቅዬ ለጣቢያው አስረክቤአለሁ። ዛሬውኑ እንዲቃጠሉ ብጠይቅ ማስረጃ ስለሆኑ ክሱ ሳያልቅ እንደማይቻል ተነገረኝ። ሲያልቅ ልጠራ። እሳቱን የምለኩሰው እኔ ነኝ።

ከዚህ በላይ ያለው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። የአሻራ ቀለም ቀርቦልኝ ነበር፤ እምቢ ብዬ በገዛ እጄ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ገብረእዝጊ
ቃል ተቀባይ፦ ዋና ሳጅን ኤርሳዶ ሎምቤ (ፊርማ)